ለፋሲካ የተቀመጠ ጭብጨባ

ቄስ ያጠረው ደብር አይቻለሁ። ጣሪያው የሚያፈስ፣ አጥሩ የወደቀ፣ ደወሉ ተሰንጥቆ የተመታ ድስት የሚመስል ድምፅ የሚያወጣ ደብርም አይቻለሁ። የሕፃናት ክፍል መምህርት የሌለችበት ደብር ግን በኢትዮጵያ ምድር እስካሁን አልገጠመኝም። እናንተም ታውቋታላችሁ። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ፣ ወደ ሰንበቴው፣ ወደ ሐሜቱ ሲበተን፣ ልጆች ከኋላዋ አስከትላ ማንም ወደማይፈልገው ክፍል የምትገባው ሴት ናት። ነጠላዋ ሁልጊዜ በአንድ በኩል መሬት ይጠርጋል። በያዘችው ቦርሳ ውስጥ ከረሜላ፣ የጠመኔ ስብርባሪና የማን እንደሆነ የማይታወቅ የአንድ እግር ካልሲ አለ። ማን እንደሾማት የሚያስታውስ ሰው የለም፤ ስለዚህ ሊሽራት የቻለም አልተገኘም።

የእኛዋ ወለተጊዮርጊስ ትባላለች። ልጆቹ «እትዬ ወለቴ» ይሏታል። እኔ በልቤ የሰጠኋት ማዕረግ «ክብርት ርእሰ ሕፃናት ዘመሐል ሜዳ» የሚል ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ገበያው ጥግ ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ እሑድ ሲሆን ደግሞ በሳምንቱ የሰፋችላቸውን ልጆች ሰብስባ ዩኒፎርሙን እንዲያቆሽሹት ታደርጋለች።

ስለ ራሴም ትንሽ ልበል። ስንታየሁ እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ የሂሳብ አስተማሪና የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ነኝ። ደስታ ብዙም አይስማማኝም። መሐል ሜዳ ደግሞ ለእኔ ቢጤ የተመቸች ከተማ ናት። ጉሙ ሲገባ ጎረቤትህን ሳታይ ትውላለህ፤ ብርዱ ጋቢ ላይ ጋቢ ያስደርብሃል። ጎረምሳው ሁሉ በሚኒባስ ወደ ደብረ ብርሃን ይወርዳል፤ ተመልሶ የሚመጣው ለቀብር ነው። እኔም ቤተ ክርስቲያን በብዛት የምሄደው ለቀብር ሆኗል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ቀብር አልጠፋም።

የሕፃናቱ ክፍል ያለበትን ቦታ ካላወቃችሁ የቀረው አይገባችሁም። በአንድ በኩል ከሰንበቴው ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦ ቆርሰው ጠላ የሚጠጡበት ቤት ነው። በሌላው በኩል ያለው መስኮት የሚከፈተው ወደ መቃብሩ ነው። መስታወቱ ከተሰበረ ቆይቷል፤ በማዳበሪያ ከረጢት ተጋርዷል። እንግዲህ እዚህ መሐል፣ በጠላና በሞት መካከል፣ ክብርት ወለተጊዮርጊስ ልጆችን ታስቃለች።

እንዴት እንደምታስቅ ልንገራችሁ። እኛ አስተማሪዎች «ማነው የሳቀው? ንገሩኝና እኔም ልሳቅ!» የምንላት ነገር አለችን። ዕድሜዬን ሙሉ ብያታለሁ፤ ትርጉሟም «የሳቅከው ልጅ፣ ዛሬ ትቀምሳታለህ» ነው። ወለተጊዮርጊስም ትላታለች። ልዩነቱ እሷ የምሯን መሆኑ ነው። ልጁ ተነሥቶ ያሳቀውን ይነግራታል፣ እሷም ትስቃለች፣ ከዚያ ትምህርቱ ይቀጥላል። ይህን መጀመሪያ በመስኮቱ በኩል ሳልፍ ስሰማ፣ በሙያው ላይ የተፈጸመ በደል መስሎኝ ነበር።

አንድ እሑድ ስለ ኖኅ መርከብ ታስተምራለች። እኔ ከክፍሉ ጥግ ተቀምጬ፣ በሰበካ ጉባኤው ስም፣ ሥርዓት መጠበቁን እከታተላለሁ።

«ኖኅ መርከቡ ውስጥ እነማንን አስገባ?» አለች።

«በግ!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ። የመንዝ ልጅ ከበግ የሚያስቀድመው እንስሳ የለም።

ማሙሽ እጁን አወጣ። ማሙሽ የፊት ጥርሶቹ የወለቁ፣ ከሐሳቡ በፊት እጁ የሚቀድም ልጅ ነው። አጎቱ የሚኒባስ ረዳት ስለሆነ የትራንስፖርት ጉዳይ ያሳስበዋል።

«እትዬ፣ ኖኅ ትርፍ ጭኖ ነበር?»

«አልጫነም። ሁለት ሁለት ሆነው ነው የገቡት።»

«ቁንጫስ? ቁንጫ ሁለት ብቻ ሆና ታውቃለች?»

ክፍሉ ፈረሰ። መምህርቲቱ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሥርዓት የሚጠብቀው ሰው ጋቢውን ወደ አፉ አስጠግቶ ጉሮሮውን ጠረገ። እሷ ግን ጥያቄውን በዚህ አልተወችውም፤ ከትምህርት በኋላ ማሙሽን እጁን ይዛ ቄሱ ዘንድ ወሰደችውና ጥያቄውን አቀረበች። ቄሱም አሰብ አድርገው «በበጎቹ ላይ ተሳፍረው ገብተው ይሆናል እንጂ ተጠርተውስ አይደለም» አሉ። ማሙሽ እስከ ዛሬ ይህን መልስ ለሚያገኘው ሁሉ ይናገራል።

ከዚያ ደግሞ የዮናስ ጉዳይ አለ። ያለፈው ዓመት ክብረ በዓላችን ላይ ሕፃናቱ የዮናስን ታሪክ በድራማ እንዲያሳዩ ተፈቀደላቸው። ባሕር አይቶ የሚያውቅ ሰው በመካከላችን አልነበረም፤ ዓሣ አንበሪውን ወለተጊዮርጊስ ከየቤቱ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ተውሳ፣ አያይዛ ሰፋችው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ የመንዝ በግ ፀጉር ሽታው ከሩቅ የሚጣራ ግሩም ዓሣ ወጣው። ዮናስ ማሙሽ ነበር። ተዋጠ። ጸለየ። የሚተፋበት ሰዓት ሲደርስ ግን አልወጣም።

ዕለቱ ነፋስ የሚያፏጭበት፣ ጣት የሚያደነዝዝ ብርድ ያለበት ነበር፤ ከመሐል ሜዳ ሁሉ የሚሞቀው ቦታ ደግሞ የዓሣው ሆድ ነው። ማሙሽ ከውስጥ ሆኖ «እዚህ ይሻላል!» ብሎ ጮኸ። መርከበኞቹ ሰሙትና አንድ በአንድ ገቡ። የነነዌ ሰዎች ተከተሉ። በመጨረሻ የነነዌው ንጉሥ ዘውዱን ከራሱ አውልቆ፣ በጠባቡ በኩል ተሽሎክሉኮ ገባ። ነነዌ ባዶዋን ቀረች፤ ንስሐ የሚገባ ሰው ጠፋ። ዓሣው ብቻ በሕዝቡ ፊት ይተነፍስና ይስቅ ነበር።

ሕዝቡ ያን ቀን የሳቀውን ሳቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ጋሽ ዳኜ ብቻ አልሳቁም።

ጋሽ ዳኜ የሰንበቴው ሙሴ፣ ማለት አለቃው፣ ናቸው። ባለቤታቸው እማማ ጌታነሽ ካረፉ ወዲህ እንደ እኔ ያሉ ሰው ሆነዋል፤ እንዲያውም ይበልጡኛል። የሰንበቴው ጋኖች የሚቀመጡበት ስለጠበበ የሕፃናቱን ክፍል ሲመኙት ኖረዋል። በየእሑዱ ግድግዳውን በመቋሚያቸው ይደበድባሉ፤ ሲብስባቸው በር ላይ ይመጣሉ።

«ኧረ እባክሽ ልጄ! እዚህ እኮ ሰው አርፏል! ከመቃብር አጠገብ ሳቅ ምንድን ነው?»

በዚህ ላይ እውነት አልነበራቸውም ልል አልችልም። መቃብሩ በእርግጥም ቅርብ ነው። ልጆቹም ያውቁታል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ኮከብ ታውቀዋለች። ኮከብ ቀጭን፣ ቁም ነገረኛ ልጅ ናት፤ አባቷ የተቀበረው ልክ ከመስኮቱ ሥር ነው። አንድ ቀን እጇን አውጥታ «እትዬ፣ የሞቱት ይሰሙናል?» ብላ ጠየቀች።

እኔ ብሆን ርዕሱን እቀይር ነበር። ወለተጊዮርጊስ ግን «ይሰሙናል። ስለዚህ ዜማ አታበላሹ» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ኮከብ ትምህርት ሳይጀመር ወደ መስኮቱ ትሄዳለች፤ ከረጢቱን ገለጥ አድርጋ «አባዬ፣ ዛሬ ምን ይዘመርልህ?» ትላለች። ትንሽ ታዳምጣለች። ከዚያ ዞር ብላ «ያቺን የሚጨበጨብባትን ነው ያለው» ብላ ታውጃለች። የአባቷ ምርጫ ሁልጊዜ ከእሷ ምርጫ ጋር አንድ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ቀኑና የየራሳቸውን ሙታን ጥያቄ ማምጣት ጀመሩ። የማሙሽ አያት ፈጣን መዝሙር ብቻ ፈለጉ። ክርክሩ ሲከር መምህርቲቱ ሙታኑን ተራ አስያዘቻቸው። በዚች ከተማ ለዳቦ፣ ለመብራት፣ ለመታወቂያ ተሰልፈው ያረፉ ሰዎች፣ ለመዝሙርም ተሰለፉ።

ጋሽ ዳኜ በር ላይ በመጡበት በአንዱ ቀን ኮከብ በአክብሮት ተጠግታ «አባባ ዳኜ፣ እማማ ጌታነሽ የትኛውን መዝሙር ይወዱ ነበር? ለእሳቸውም ተራ እንያዝላቸው?» አለቻቸው። ሽማግሌው መቋሚያቸውን አንሥተው ሄዱ። ለጥቂት ሳምንታት ግድግዳው አልተደበደበም።

ወለተጊዮርጊስን ሳል የጀመራት ባለፈው ክረምት ነው። ብርድ ነው አልን፤ እዚህ አገር ሁሉም ነገር ብርድ ነው። በዚያው ሰሞን አዲስ መዝሙር ታስጠና ነበር፤ ሁለተኛው አንጓ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ እያጠራት ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ትስላለች። ልጆቹ እሷ እንዳደረገችው አጠኑት። መዝሙሩን ለምእመናን ያቀረቡ ዕለት ሁለተኛውን አንጓ ጨረሱና፣ ሁሉም በአንድነት ፊታቸውን ወደ ግራ አዙረው፣ አፋቸውን በክንዳቸው ሸፍነው፣ «እህ! እህ!» ብለው ሳሉ፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ በዜማው ቀጠሉ።

ቄሱ ወረርሽኝ የገባ መሰላቸው። ጋሽ ዳኜ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ ሳቡ። ወለተጊዮርጊስ ሳቀች፤ ስትስቅ ደግሞ ሳል ያዛት፤ ልጆቹ ተጨማሪ አንጓ መስሏቸው ተከትለዋት ሳሉ። በዚያ ሳል የሳቅነው ለመጨረሻ ጊዜ ያን ቀን ነው።

ዐቢይ ጾም ገባ። እንደምታውቁት በጾሙ ከበሮ አይመታም፣ እልል አይባልም፣ አይጨበጨብም። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ከዓመቱ ሁሉ የሚመቸው ወቅት ነው። ለሕፃናት ክፍል ግን መከራ ነው፤ ልጅን ዘምር ብሎ እጁን ማሰር አይቻልም። ክብርት ርእሰ ሕፃናት ለዚህም ዘዴ አበጀች። ልጆቹ እንደወትሮው ለማጨብጨብ እጃቸውን ያነሣሉ፤ መዳፍ ከመዳፍ ሊገናኝ ትንሽ ሲቀረው ቀጥ ያደርጉታል። እሷም ፊታቸው ቆማ «አስቀምጡት! ለፋሲካ ነው! አስቀምጡት!» ትላለች።

«የት ነው የሚቀመጠው?» አለ ማሙሽ።

«መዳፋችሁ ውስጥ።»

ያልታሰበው መዘዝ መጣ። በሳምንቱ እናቶች አቤቱታ ይዘው ሰበካ ጉባኤ ደረሱ። ልጆቹ እጃቸውን ጨብጠው ነው የሚሄዱት። ሰላም በሉ ሲባሉ እጅ አይሰጡም። አንዲት እናት «እጅህን ታጠብ ብለው ‹ይፈስብኛል› አለኝ» ብላ ነገረችን። ጸሐፊ እንደመሆኔ አቤቱታውን ጻፍኩት፤ ስጽፍ ጋቢዬን ወደ አፌ እንዳስጠጋሁ አልክድም፤ በብርዱ ይሆናል። ወለተጊዮርጊስ ተጠርታ መጣችና ለልጆቹ አዲስ መመሪያ ሰጠች፤ የተቀመጠ ጭብጨባ በውኃ አይሄድም፣ በሳሙናም አይለቅም።

በጾሙ አጋማሽ ላይ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ሄደች። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሂጂ አሏት። «ሳንባዋ ላይ የታየ ነገር አለ» ነው የተባለው፤ ከዚህ የበለጠ ያብራራልን የለም፤ እኛም ከዚህ የበለጠ ለመስማት አልቸኮልንም።

የሄደች ዕለት መናኸሪያው በጉም ተሸፍኖ ነበር። ልሸኛት ብዬ አልሄድኩም፤ በዚያ በኩል ሳልፍ ነው ያገኘኋት። እንዲህ ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። ሚኒባሱ ሊንቀሳቀስ ሲል ያን ቦርሳ በመስኮት አቀበለችኝ።

«ጋሽ ስንታየሁ፣ አደራዎን። አንድ እሑድ እንኳ እንዳይዘጋ። አንዴ ከተዘጋ ጋን ይገባበታል።»

«እኔ ልጅ አልችልም» አልኳት።

«ቀላል ነው። ሳቅ ከሰሙ አይቆጧቸው፤ ይጠይቋቸው።»

«ካልሲውስ የማን ነው?»

«እሱን እርስዎ ይድረሱበት» አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳለች፤ መኪናውም ሄደ። ቦርሳውን ታቅፌ ጉሙ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ።

ጋሽ ዳኜ ጊዜ አላጠፉም። በሚቀጥለው ስብሰባ «መምህርቲቱ እግዚአብሔር ይማራት እንጂ ክፍሉ ባዶ ነው። ለጊዜው ጋኖቹን እናስገባው» አሉ። ለጊዜው ማለት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ማንም አልተቃወመም። ቃለ ጉባኤውን ስጽፍ ቀና አልኩና «ክፍሉ መምህር አለው» አልኩ።

«ማን?»

«እኔ።»

ቄሱ በሐዘኔታ አዩኝ፤ የሐዘኔታቸው ምክንያት እኔ ልሁን ልጆቹ ይሁኑ አላወቅሁም።

ስለ መጀመሪያው እሑድ ብዙ ማለት አልሻም። ዐሥርቱን ትእዛዛት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከላይ እስከ ታች ደርድሬ፣ የማባዣ ሠንጠረዥ በማስተምርበት ድምፅ አስተማርኩ። ልጆቹ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ሽማግሌዎች እንኳ ጸጥታው ከብዷቸው ወሬያቸውን ዝቅ አደረጉ። በመጨረሻ ኮከብ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ማን ሞቶ ነው?»

«ዘምሩ» አልኳቸው። ዘመሩ። ጭብጨባውን እያስቀመጡ፣ መዳፋቸውን አየር ላይ እያቆሙ ዘመሩ። ሁለተኛው አንጓ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ወደ ግራ ዞረው፣ አፋቸውን በክንዳቸው ሸፍነው፣ «እህ! እህ!» አሉ። ሴትየዋ አዲስ አበባ አልጋ ላይ ተኝታለች፤ ሳሏ እዚህ ክፍል ውስጥ በዜማ ይሰማል። ከረጢቱን ገልጬ ወደ መቃብሩ በኩል አየሁ፤ ጉም ዓይኔ ውስጥ ገብቶብኝ ነበር። ዞር ስል ማሙሽ አንድ ነገር ለጎረቤቱ ሹክ ብሎ ሁለቱ አፋቸውን አፍነው ይንቀጠቀጣሉ።

«ማነው የሳቀው?» አልኩ።

ክፍሉ ደነገጠ። ድምፄ ያው የድሮው ድምፄ ነበር።

«ንገሩኝና እኔም ልሳቅ» አልኩ ቀስ ብዬ።

ማሙሽ ተነሣ። «ጋሼ፣ ጋቢዎን ገልብጠው ነው የለበሱት።» እውነቱን ነበር። የሳቅኩት ከእነሱ በኋላ ነው፤ ግን ሳቅኩ።

ፋሲካ ደረሰ። ከበሮው ተፈታ፣ እልልታው ተፈታ። በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ልጆቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ክፍሉን ሞሉት። ኮከብ እንደ ልማዷ አባቷን ጠይቃ የሚጨበጨብበትን መዝሙር አስታወቀች። እኔም ጾሙን ሙሉ የተጠራቀመው ጭብጨባ ግድግዳውን እንዳያፈርሰው ሰግቼ ወደ ጥግ ተጠጋሁ። መዝሙሩ ተጀመረ፤ እጆች ተነሡ፤ ልክ ሊገናኙ ሲሉ ቀጥ አሉ።

«ልጆች፣ ጾሙ እኮ ወጥቷል» አልኩ።

«እናውቃለን» አለች ኮከብ። «እትዬ ስትመጣ ነው የምናጨበጭበው። አስቀምጠንላታል።»

ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ከረሜላ አወጣሁ። አልተቻለም። በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና ጋሽ ዳኜ ገቡ። ጸጥታው አስጨንቋቸው ነው የመጡት።

«ምነው? ለፋሲካ እንኳ? ልጆቹ ታመሙ እንዴ?»

ኮከብ ነገሩን አስረዳቻቸው። ሽማግሌው መቋሚያቸው ላይ ተደገፉ። ወደ መስኮቱ አዩ።

«ጌታነሽ የሚጨበጨብበትን ነበር የምትወደው» አሉ። «ያን ጊዜ ተራ እንያዝላት ብላችሁ ነበር።»

ልጆቹ ተያዩ። በአንድ በኩል እትዬ ወለቴ፣ በሌላ በኩል ተራቸው የደረሰ እማማ ጌታነሽ። ይህን እኔ ልፈርድ የምችለው ነገር አልነበረም። ስልኬን አወጣሁና ደወልኩላት። ረዥም ጊዜ ጠራ።

«ጋሽ ስንታየሁ? ምነው፣ ደኅና?» ድምፅዋ ቀጥኗል።

«ደኅና ነው። ልጆቹ አድመዋል።»

ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን በመሐላቸው ያዝኩት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ጮኹ። የሆነውን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ከስልኩ ውስጥ አንድ ድምፅ መጣ፤ ሳል መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ሳቅ ነበር።

«ማነው ይህን ያመጣው?»

«እኔ ነኝ» አለች ኮከብ።

«ኮከብዬ፣ ጭብጨባው እኮ የእኔ አይደለም። የተነሣው እኔ ነኝ እንዴ?»

ኮከብ በቁም ነገር አሰበችበት። «አይደለሽም» አለች። «አንቺ ገና ነሽ።»

ጋሽ ዳኜ አማተቡ። እኔ ስልኩ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ወለተጊዮርጊስ ግን ሳቀች፤ ያኔ በኖኅ ቁንጫ እንደሳቀችው፣ መሬት ላይ የሚያስቀምጠውን ሳቅ። አልጋዋ ላይ መሆኗ ነው እንጂ።

«እንግዲያው ለተነሣው አጨብጭቡለት» አለች ትንፋሿን ስትሰበስብ። «ለእማማ ጌታነሽም ተራቸው ነው።»

«ሁሉንም?» አለ ማሙሽ፤ ቡጢውን እያየ።

«ሁሉንም።»

«አንዷን ብቻ እናስቀር? የመጨረሻዋን?»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ መስታወቱን አየሁት። አልተቋረጠም።

«እሺ» አለች። «አንዷን አስቀሩልኝ።»

አጨበጨቡ። የጾሙ ሁሉ ጭብጨባ ተለቀቀ፤ የመስኮቱ ከረጢት ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛው አንጓ መጨረሻ ላይ ልጆቹ ወደ ግራ ዞረው ሳሉ፤ ስልኩ ውስጥ ያለችውም እዚያችው ቦታ ላይ ሳለች፤ አንድ ላይ ገጠመላቸው። የመዝሙሩ መጨረሻ ላይ ሁሉም እጆች ሳይነካኩ ቀጥ አሉ። በዚያ ጸጥታ መሐል አንድ ጭብጨባ ብቻዋን ጮኸች። ጋሽ ዳኜ ነበሩ፤ ስሜት ወስዷቸው።

«አባባ ዳኜ!» አለ ማሙሽ በድንጋጤ። «አፈሰሱት!»

ጋሽ ዳኜ ሁለት እጃቸውን እያዩ ቆዩ። ከዚያ፣ እማማ ጌታነሽ ካረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳቁ። ጋኖቹ እስከ ዛሬ ደጅ ናቸው፤ በቆርቆሮ ተሸፍነዋል።

ይህን የምጽፈው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ወለተጊዮርጊስን ከምታስታምመው እህቷ ጋር በስልክ እንነጋገራለን። ሕክምናው ረዥም ነው ትለኛለች። «ሐኪሞቹ ምን ይላሉ?» ስላት «ጸልዩ ይላሉ» አለችኝ። ካህን ጸልዩ ሲል ደስ ይለኛል፤ ሐኪም ሲል ግን አልወድም። እፈራለሁ። ለልጆቹ ይህን አልነገርኳቸውም። በየእሑዱ «ጋሼ፣ እትዬ መቼ ነው የምትመጣው?» ይሉኛል፤ «መንገዱ ሲመች» እላቸዋለሁ፤ ክረምት ሲገባ መንገዱ እንደማይመች እያወቅሁ።

የካልሲው ባለቤት አልተገኘም። ልጆቹን ሁሉ አስለክቻለሁ፤ ማንም የእኔ ነው አላለም። ቦርሳው ውስጥ መልሼ አስቀምጬዋለሁ፤ ስትመጣ የምንከራከርበት ጉዳይ ይኑረን።

ክፍሉ አንድም እሑድ አልተዘጋም። መዝሙሩም ያው ነው፤ ሳሉም በቦታው ነው። የመጨረሻዋ ጭብጨባ ጋ ሲደርሱ ልጆቹ እጃቸውን ያነሡና ሊገናኝ ትንሽ ሲቀረው ያቆሙታል፤ ከግድግዳው ወዲያም ጋሽ ዳኜ ጠንቀቅ ብለው ያቆማሉ። ደስታ የማይስማማኝ እኔ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ጉም ውስጥ ወደ ቤቴ ስመለስ ሰው ሰላም ሊለኝ እጁን ሲዘረጋ፣ ጎንበስ ብዬ አልፈዋለሁ። እጄን ጨብጬዋለሁ፤ እንዳይፈስብኝ።